ሁለት ሜሞሪ በአንድ ቀንበር

ዓመቱን ብትጠይቁኝ በትክክል አላውቀውም። ክረምቱ የዘገየበት ዓመት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ግን እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ክረምት ያልዘገየበት ዓመት መቼ ነበር? ሞባይል የያዘ ሰው እንዲታይለት ገበያ መሀል ቆሞ እየጮኸ የሚያወራበት ጊዜ ነው። አሁንማ ሁሉም ስለያዘ ሁሉም ይጮሃል፤ በዚያ መለየት አይቻልም። ሐጅ ሰይድን ብጠይቀው «ዘይነብን ከመዳሬ በፊት ነው» ይላል። ልጄን ጥሩነሽን ብጠይቃት ደግሞ «አባየ፣ አንተ ዘይቱን ያፈሰስህ ጊዜ ነዋ» ትላለች። እንግዲህ እዚያው አካባቢ ያለ ዓመት ነው። ዘይቱንም እመጣበታለሁ፤ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ሐጅ ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ጎረቤቴ ነው። ጎረቤት ስላችሁ ግን አጥር ብቻ ያገናኘን አይምሰላችሁ። ጭልጋ በኩል አንድ መንደር ነው ያደግነው፤ እሱ በመስጊዱ በኩል፣ እኔ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል። እሱም አንድ በሬ ነበረው፤ እኔም አንድ በሬ ነበረኝ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ ተቀናጀን። የሱን ቡሬና የኔን ወይኖ በአንድ ቀንበር እየጠመድን፣ ዛሬ የሱን ማሳ ነገ የኔን ማሳ እያልን እናርስ ነበር። ቅንጃ የሚባለው ይህ ነው። ቅንጃ ጥሩ ነገር ነው፤ አንድ ጉድ ብቻ አለው። ትልሙ በተጣመመ ቁጥር ጥፋቱ የሌላኛው በሬ ነው።

«ያንተ ወይኖ ቀንበር ይጥላል!»

«ያንተ ቡሬ ነው እንጂ እርሻ መሀል የሚተኛው!»

እንዲህ እየተባባልን ስንት ዘመን አረስን። በኋላ ጦርነቱና ድርቁ ተከታትለው መጡ። በሬዎቹም አለቁ፤ እኛም በእግራችን ገላባትን ተሻግረን ገዳሪፍ ገባን። በሬዎቹ ቢቀሩም ክርክሩን ይዘነው መጣን። ክርክር ለመንገድ ይመቻል፤ አይከብድም፤ ኬላ ላይም የሚፈትሸው የለም።

ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው እዚሁ አደጉ። የኔዋ ጥሩነሽ ኮምፒውተር ስትማር አማርኛ መጻፉን አጠናች፤ የሱ ዘይነብ ዐረብኛውን። አንድ ቀን ተያይዘው መጡና «የጽሕፈት ሱቅ ልንከፍት ነው» አሉን። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። እዚህ ከተማ ሠርግ የሚደግስ ሐበሻ የጥሪ ካርዱን በሁለት ቋንቋ ይፈልጋል፤ አማርኛው ለዘመድ፣ ዐረብኛው ለጎረቤት። ዘመድ የሚቀርበት ምክንያት አያጣም፤ ጎረቤት ግን አይቀርም። ስለዚህ ዐረብኛው ተጠንቅቆ ይጻፋል።

ቤትም ተገኘ። ከሰሊጥ ሐራጁ ጀርባ ያለ ባለ አንድ በር ሱቅ ነው። ባለቤቱ ዓም ባቢከር የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። «ዓም» እዚህ አጎት ማለት ነው። እሳቸው የሁሉም ሰው አጎት ስለሆኑ ፍርድ ይቸግራቸዋል። ያንኑ ቤት አወድ የሚባል ዶሮ ነጋዴም ፈልጎት ኖሯል። ዓም ባቢከር ማንንም ማስቀየም ስለማይወዱ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦

«እስከ ሐሙስ ጠብቄ፣ ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሶላት ስወጣ እመጣለሁ። ማሽኑ ሲሠራ በዓይኔ ካየሁ ቤቱ የልጆቹ ነው። ካልሠራ የአወድ ዶሮዎች ይገቡበታል።»

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው። ወይ ልጆቻችን፣ ወይ ዶሮዎቹ።

ኮምፒውተር ተሰርቶ ያለቀ ይሸጣል፤ እኛ ግን ከየቦታው ሰበሰብነው። ቆርቆሮ ቤቱን ከአንዱ፣ ሆድ ዕቃውን ከሌላው፣ ቴሌቪዥን የሚመስለውን ፊቱንና ማተሚያውን ደግሞ ከሦስተኛው አመጣን። ልጆቹ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፉና ካቻቢቴ ይዘው ይገጣጥሙት ጀመር። እኔና ሐጅ ሰይድ በር ላይ ተቀምጠን እንመክር ነበር። ማንም ምክር አልጠየቀንም፤ ሽማግሌ ግን እስኪጠየቅ አይጠብቅም።

«የቀረን ሜሞሪ ነው» አለች ጥሩነሽ።

«ሜሞሪ ደግሞ ምንድነው?»

«ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር ሥራው እስኪያልቅ ይዞ የሚቆይበት ነው፣ አባየ። አንድ ይበቃናል። ሁለት ከሆነ ይፈጥናል።»

ቦታውን አሳየችን። ቦርድ የሚሉት ሰሌዳ ላይ ሁለት ቦይ አለ፤ ጎን ለጎን። እኔና ሐጅ ሰይድ ተያየን። ሁለት ቦይ፣ ጎን ለጎን! ለገበሬ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቀንበር ነው።

«አንዱን እኔ፣ አንዱን አንተ» አለ ሐጅ ሰይድ።

«እንደ ጥንቱ» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አቧራም ሊሆን ይችላል።

ጥሩነሽ «አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙ» ብላናለች። ብላናለች፤ አልክድም። ግን በየት አገር ነው ቅንጃ በሬውን አብሮ የሚገዛው? ቅንጃ ማለት እኮ የየራስ በሬ ማለት ነው። አብረን ከገዛንማ ሽርክና ሆነ፤ ሽርክና የነጋዴ ነው። ስለዚህ እኔ የኔን ለብቻዬ ገዳሪፍ ገበያ ሄጄ ገዛሁ። ሐጅ ሰይድም ሸንኮራ አገዳ በሚበቅልበት በኒው ሀልፋ ያለውን አማቹን ልኮ የሱን አስመጣ።

የኔዋ እንደ ማበጠሪያ ያለች ስስ አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ ከታች የወርቅ ጥርስ ተደርድሮላታል። ሻጩ «ምን ዓይነት ልስጥህ ያ ሐጅ?» አለኝ። «ያ» ሰው መጥሪያቸው ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ሽበት ያበቀለ ሁሉ ሐጅ ነው። አንገቴ ላይ ማዕተብ እያዩ «ያ ሐጅ» ይሉኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።

«የምትሠራ» አልኩት።

«ለየትኛው ቦርድ?»

«ለልጄ።»

ሰውየው ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያልና እኔም ጥርሷን ገልጬ አየሁ። አንድም አልጎደለም። ይዤ መጣሁ።

የሐጅ ሰይድ ከኔዋ ጠቆር ትላለች። «ሸንኮራ አገዳ መሀል ያደገች ናት፤ ጉልበት አላት» አለኝ። በሬ ያለ ምልክት አይሰማራምና የጥሩነሽን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስጄ የኔዋ ጫፍ ላይ ነጥብ አደረግሁባት። ሐጅ ሰይድ ይህን ሲያይ ከሚስቱ ሒና ተቀብሎ የራሱን ሜሞሪ ጫፍ አጠቆረ። ዘይነብ አይታ «አባ፣ ልትድራት ነው እንዴ?» አለችው።

ተጠመዱ። ማለቴ ተሰኩ። ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዘይነብ ቢስሚላህ ብላ ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ። መብራቱ በራ። ሐጅ ሰይድ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ያ ማሽን፦

ጢይይይጥ። ጢይይይጥ። ጢይይይጥ።

ፊቱ ጥቁር ነው፤ ድምፁ ግን የጭነት መኪና ወደኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ዓይነት። በበሩ የሚያልፍ ባለ ካሮ፣ ማለቴ ባለ ጋሪ፣ አህያውን ገትሮ ወደኋላው ዞሮ ተመለከተ። ዶሮ ነጋዴው አወድ፣ ቤቱን በክንዱ ሊለካ መጥቶ ኖሮ፣ አንገቱን አስገባና «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ዶሮ ታማለች። እኔ እንዲህ ስትልብኝ አርዳታለሁ» አለን።

የመጀመሪያው ምክንያት ሙቀት ነው ተባለ። የቤቱን ማራገቢያ ወደሱ አዞርን፤ እኛ አላበን፣ እሱ ጮኸ። ሁለተኛው ምክንያት አቧራ ነው ተባለ፤ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ባለፈው ሳምንት አልፎ ነበርና። ልጆቹ በብሩሽ አራገፉት፤ አሁንም ጮኸ። ሐጅ ሰይድ ፋቲሃ ቀራበት። እኔም ከቤት ጸበል በጠርሙስ አምጥቼ ክዳኑን ስከፍት ጥሩነሽ እንደ ነብር ዘልላ እጄን ያዘች።

«አባየ! ኤሌክትሪክ ላይ ጸበል አይረጭም!»

«ሰው ላይ ይረጭ የለም እንዴ?»

«ሰው ሶኬት ላይ አልተሰካም!»

ይህ እውነት ነው። ጠርሙሱን ከደንኩ።

ከዚያ ጥሩነሽ ጎንበስ ብላ አይታ «ሜሞሪዎቹ ጠብቀው አልገቡ ይሆናል» አለች። ይህን ያለችው ለዘይነብ ነው። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ዘይቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በገዳሪፍ አልገባ ያለ ነገር ሁሉ በሰሊጥ ዘይት ይገባል። የበር ማጠፊያ በሰሊጥ ዘይት ነው። የብስክሌት ሰንሰለት በሰሊጥ ዘይት ነው። ከጣት አልወጣ ያለ ቀለበት፣ ከጆሮ አልወጣ ያለ ትኋን፣ ሁሉም በሰሊጥ ዘይት ነው። እኔም ረቡዕ ገና ልጆቹ ሳይመጡ ሱቁን ከፈትኩና ሁለቱንም ሜሞሪዎች ነቅዬ ጥርሳቸውን በዘይት አሸሁላቸው። የሐጅ ሰይድንም አሽቻለሁ፤ ቅንጃ ነንና አላዳላሁም። መልሼ ስሰካቸው ሸርተት ብለው ገቡ። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! የተረፈውን ጠብታ ቦዩ ውስጥ አፈሰስኩት፤ እንዳይባክን።

ጉንዳኖቹ ከልጆቹ ቀድመው ደረሱ። የገዳሪፍ ጉንዳን የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ዋጋውን ሳይቀር የሚያውቅ ይመስለኛል። በበሩ ሥር ገብቶ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ በገመዱ ላይ ተሰልፎ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይገባ ጀመር። ከጉንዳኖቹ በኋላ የአወድ ዶሮ ደረሰች። ዶሮዋ ጉንዳኖቹን እየለቀመች በገመዱ ተከትላ መጣችና አንድ እግሯን ቆርቆሮው ውስጥ አግብታ ታነሳቸው ጀመር።

አወድ በሩ ላይ ቆሞ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ተዋት፣ ተዋት! እናንተ ያልቻላችሁትን እየጠገነች ነው!»

ዶሮዋን ሳባርራት ኮምፒውተሩ የመጣበት ካርቶን ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ጥቂት ቆይታም እንቁላል ጣለች። አወድ እንቁላሉን አንስቶ ወደ ፀሐይ እያየ «ቤቱ ተቀብሎኛል» አለ። ይህን ነገር አልወደድኩትም።

ጥሩነሽ ስትመጣ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ሜሞሪዎቹን አውጥታ በጨርቅ ጠረገች፤ ጥርሳቸውን በላጲስ ፈተገች፤ ቦዩን በጥጥ አሸች፤ እኔን አየችኝ፤ እንደገና ቦዩን አሸች። ዝም ያለች ልጅ ከምትጮህ ማሽን ትብሳለች።

ያን ጊዜ ሐጅ ሰይድ አንድ ነገር ትዝ አለው። «አንተ፣ ቡሬ የቀኝ በሬ አልነበረም?»

እውነቱን ነው! በሬ ወገን አለው። በቀኝ የለመደ በሬ በግራ ቢጠመድ አይሄድም፤ ይዞራል፣ ይረግጣል፣ ቀንበሩን ያጣምማል። የሐጅ ሰይድን ሜሞሪ በግራ ነበር የጠመድናት። ልጆቹ ሳቁብን፤ ግን ሌላ የቀረ መላ ስላልነበረ አቀያየሯቸው። ዘይነብ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ አልጮኸም። ፊቱ በራ! ጽሕፈት መጣ፣ ሥዕል መጣ፤ ዘይነብ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔና ሐጅ ሰይድ ተቃቀፍን። «የቀኝ በሬ ነች አላልኩህም?» «ብለኸኛል፣ ብለኸኛል!»

ወዲያው ወደ ዓም ባቢከር ተላከና መጡ። ልጆቹ የመጀመሪያውን የሠርግ ካርድ እየጻፉ ነው። ዘይነብ ዐረብኛውን ጨርሳ፣ ጥሩነሽ «የተከበራችሁ» ብላ ጀምራ፣ ዓም ባቢከር በበሩ ብቅ ሲሉ፣ ገጹ በሙሉ ድንገት ሰማያዊ ሆነ። ነጭ ነጭ ፊደል ተበተነበትና ቀጥ አለ።

ዓም ባቢከር በከዘራቸው ተደግፈው ትንሽ ተመለከቱት። «ማሻአላህ! እንዴት ያለ ቀለም ነው! ዓይን ያሳርፋል።»

እኔ ዝም አልኩ። ሐጅ ሰይድም ዝም አለ። ልጆቹም ዝም አሉ። በዚሁ ቢያበቃ ቤቱ የእኛ ነበር። ግን አወድ አለ።

«ያ ዓም ባቢከር፣ ይህ ሥራ አይደለም፤ ሰማይ ነው። ሰማይ ለማየት ሱቅ አያስፈልግም፤ ውጭ አለ።»

ዓም ባቢከር ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሐሙስ ገና አልደረሰም» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ጸባዩ ተለየ። አንዴ ይጮሃል፤ አንዴ ይነሳና መሀል ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ጥሩነሽ ላቧን ጠርጋ «አንዱን አውጥተን በአንዱ ብቻ እንሞክረው። ከዚያ ሌላውን ብቻውን እንሞክረዋለን። ችግሩ የየትኛው እንደሆነ ይለያል» አለች።

ነገሩ የተበላሸው ይህን ጊዜ ነው።

«መጀመሪያ የማንን ልታወጪ ነው?» አለ ሐጅ ሰይድ።

«የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም፣ አባባ።»

«አለው እንጂ! የኔ ከወጣች የኔ ናት የተበላሸችው ማለታችሁ ነው።»

«የኔስ ብትወጣ?» አልኩ እኔ። «ከሱ በሬ ጋር ተጠምዳ ቀንበር ጣለች ሊባል ነው?»

«ድሮስ አልጣለም?»

«ማነው የጣለው?»

«ወይኖ ነዋ!»

«ወይኖ? እርሻ መሀል ተኝቶ በጭድ የሚለመን በሬ ይዘህ ወይኖን ታነሳለህ?»

እንዲህ እንዲህ እያልን የጭልጋን ማሳ በሙሉ ገዳሪፍ ላይ እንደገና አረስነው። በመጨረሻ ሁለታችንም አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማማን፦ ማንም በሬ አይፈታም፤ በአንድ በሬ አይታረስም። ይህን ወስነን ተኳረፍን። ዝም ተባብለን ተያይዘን ወደ ቤት ሄድን፤ ጎረቤታሞች ስለሆንን መንገዱ አንድ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሱቅ ስደርስ ጥሩነሽ ካርቶኑ ላይ ተቀምጣለች። ያለቀሰች ትመስላለች። አወድ ከበሩ ውጭ ባዶ የዶሮ ቤቶቹን ደርድሯል። «አባየ፣» አለችኝ፣ «ዛሬ ሐሙስ ነው። እኔና ዘይነብ ከዚህ ሌላ የምናውቀው ሥራ የለም። እናንተ ደግሞ ስለ በሬ ትጣላላችሁ።» ዘይነብ ግን አልተቀመጠችም፤ በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ኮምፒውተር የምትጠግን ሱዳናዊት አለች ተብላ ረክሻ የሚሏትን ባጃጅ ይዛ ልታመጣት ሄዳለች።

መጣች። ቢጫ ቶብ የተከናነበች፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ልጆቹ «ባሽሙሀንዲሳ» ይሏታል፤ መሐንዲስ ማለታቸው ነው። ተንበረከከችና ቆርቆሮውን ከፈተች። አፍንጫዋን አንቀሳቀሰች።

«እዚህ ውስጥ ሰላጣ የሠራ ማነው?»

ሁሉም ሰው ወደ ጣሪያው አየ። እኔም አብሬ አየሁ።

ሁለቱን ሜሞሪዎች አውጥታ የተጻፈባቸውን አነበበች። ቀዩን ነጥብ አየች፤ ሒናውን አየች። እኛን አየች። «ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች። «ግን አብረው አይሄዱም። ፍጥነታቸው ይለያያል፤ ይህ ቦርድ ደግሞ እንዲህ ያሉትን አብሮ መያዝ አይችልም።»

«ዘገምተኛው የማነው?» አልን እኔና ሐጅ ሰይድ በአንድ አፍ። ከኩርፊያው ወዲህ አብረን የተናገርነው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ጥሩነሽ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ባሽሙሀንዲሳዋ ጥሩነሽን አየች፤ ውጭ የተደረደሩትን የዶሮ ቤቶች አየች፤ እንደገና እኛን አየች።

«ይህን ዘይት ማጽጃ አልኮል ያስፈልገኛል። የቁስሉን ዓይነት፤ ከፋርማሲ» አለች።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«ሁለታችሁም ሂዱ፣ ያ ሐጅ። ጠርሙሱ ይሰበራል፤ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል።»

አሁን ሳስበው አንድ ጠርሙስ ለመያዝ ሁለት ሽማግሌ አያስፈልግም። ያን ጊዜ ግን ባሽሙሀንዲሳ ያለችውን ማን ይጠይቃል! ካሮ ላይ ወጣን። ባለ ካሮው ከፊት፣ እኛ ከኋላ፤ ፊታችንን ወደየጎናችን አዙረን።

ፋርማሲው በር ላይ ሐጅ ሰይድ ቆመ። «አንተ ግባ። እኔ ሐጅ ሆኜ በዚህ አገር አልኮል ስጡኝ አልልም።»

«እኔም እዚህ አገር ሐጅ ነኝ።»

«አንተ የውሸት ሐጅ ነህ፤ ኃጢአቱ ይቀልልሃል።»

ገባሁ። ጠርሙሱን በጋዜጣ አስጠቅልዬ ወጣሁ። ስንመለስ ሐጅ ሰይድ አህያዋን ሲያያት ቆየ። ብቻዋን ናት፤ እኛን ሁለታችንን፣ ባለ ካሮውንና አንድ ኩንታል ማሽላ ትጎትታለች።

«ብቻዋን ትሄዳለች» አለ።

«አህያ ናት።»

ከዚያ «ቡሬ ይተኛ ነበር» አለኝ። «እውነት ነው፤ ይተኛ ነበር። የሚተኛው ግን የወይኖን ጸባይ ላለማየት ነው።»

እኔ ኩርፊያዬን ልይዘው ሞከርኩ። ግን ቡሬ ትልሙ መሀል ተጋድሞ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያመነዥክ፣ ሰይድ በጭድ ሲለምነው፣ ወይኖ ቀንበሩን ብቻውን ተሸክሞ ዞሮ ሲያየው ታየኝ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ባለ ካሮው በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጠርሙስ አየና ያልሆነ ነገር ጠረጠረን፤ አህያዋን ገረፈ።

ሱቅ ስንደርስ ቆርቆሮው ተከድኖ ብሎኑ ጠብቋል። ኮምፒውተሩ በርቷል። ልጆቹ እየጻፉ ነው፤ ማተሚያው ይንተከተካል። ጠርሙሱን የጠየቀን ሰው የለም።

«የማን ነው የወጣው?» አለ ሐጅ ሰይድ ቀስ ብሎ።

ባሽሙሀንዲሳዋ ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር። «ሁለቱም ቦታ ላይ ሜሞሪ አለ፣ ያ ሐጅ። ጥንድ ናቸው፤ ተስማምተው እየሠሩ ነው።»

ደረታችንን ነፋን። «አላልኩህም?» አለኝ። «ብቻ ትንሽ ማግባባት ነበር የሚያስፈልጋቸው» አልኩት።

ዓም ባቢከር ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። ጥሩነሽ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን ካርድ ሰጠቻቸው። ዐረብኛውን ገጽ ቀስ ብለው አነበቡና «ሠርጉ ቅዳሜ ነው? እመጣለሁ» አሉ። ጎረቤት አይቀርም ብያችሁ የለም! አወድ የዶሮ ቤቶቹን ተሸክሞ ከአጠገባችን ካለው ዳስ ሥር ገባ። በማግስቱ «የጤነኛ ዶሮ መሸጫ» የሚል ወረቀት በሁለት ቋንቋ ሊያጽፍ መጣ። እንቁላል ይዞ ነው የመጣው።

ያ ማሽን ብዙ ዘመን ሠራ። እኔና ሐጅ ሰይድም ብዙ ዘመን ጎረርን። እሱ በገበያው ሁሉ «ማሽኑን የሚጎትተው የኔ ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ «የኔ ባይኖር ይተኛበት ነበር» እላለሁ። በኋላ አንድ ቀን፣ ዘይነብ አግብታ ከሄደችም በኋላ፣ አቧራ በዝቶበት ጥሩነሽ ቆርቆሮውን ፈታችው። እኔና ሐጅ ሰይድ መነጽራችንን አድርገን ጎንበስ አልን።

ሁለት ሜሞሪ አለ። እንደ መንታ አንድ ዓይነት፤ አንዱ ከሌላው የማይለይ። ቀይ ነጥብ የለም። ሒናም የለም። የኔም አይደለች፤ የሱም አይደለች።

ጥሩነሽ በብሩሽ አቧራውን ታራግፋለች፤ አንገቷን አቀርቅራለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። እሷና ዘይነብ ይህን ሁሉ ዘመን ያውቁ ኖሯል።

በመጨረሻ ሐጅ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሒናው በሙቀቱ ለቋል።»

«የጥፍር ቀለምም ይለቃል» አልኩት።

«ብዙ ስለሠሩ አንድ መልክ አወጡ።»

«ቅንጃ እንዲያ ነው።»

ጥሩነሽ ክዳኑን ገጠመች። እኛም በር ላይ ወጥተን ተቀመጥን።

ያን ዕለት እኛን በካሮ ልካ፣ ከቦርሳዋ ሁለት እህትማማች ሜሞሪዎች አውጥታ፣ የኛን ሁለቱን በምትኩ ወስዳ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል ያልተነፈሰችው ባሽሙሀንዲሳ ኢኽላስ ትባላለች።